«ማጓየር ካለ ጎል አለ» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ነኝ። ጨዋታ የማየው ከጓደኞቼ ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ተከላካያችን ሃሪ ማጓየር አሰላለፍ ውስጥ ሲገባ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «ማጓየር ካለ ጎል አለ» እያሉ ያበሽቁኛል። እኔ ጎበዝ ነው ብዬ እሟገታለሁ፤ ማስረጃ አምጣ ሲሉኝ ግን አፌ ይያዛል። አጥቂስ ጎሉ ይቆጠርለታል። ተከላካይ በምን ይለካል? ወይስ ፍቅር አሳውሮኝ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ልናዘዝ። እኔ የአርሴ (የአርሰናል) ደጋፊ ነኝ። ስለዚህ ማጓየርን ባመሰግነው ዘመዴ ሆኖ አይደለም።

ሁለተኛ ኑዛዜም አለኝ። በወጣትነቴ ለሰፈራችን ቡድን የመሃል ተከላካይ ነበርኩ። አንድ የክረምት ውድድር ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ አጥቂውን ጠልፌ ጣልኩት። ሪጎሬ ተሰጠ፤ ተሸነፍን። ሠላሳ ዓመት አለፈው። ዛሬም ሰፈር ብቅ ስል «ሪጎሬ!» ብሎ የሚጠራኝ አይጠፋም። በዚያው ጨዋታ ሁለት ኳስ ከጎሉ አፍ ላይ ማውጣቴን ግን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ።

የጓደኞችህን እውነት አልክድም። ማጓየር ሲዞር እንደ ባለ ተሳቢ መኪና ነው፤ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በዩሮፓ ሊግ ሴቪያ ሜዳ ላይ፣ ጨዋታው ገና በ8ኛው ደቂቃ ኳስ ከእግሩ ተነጥቆ ጎል ገባ። ማንቼ 3 ለ 0 ተሸኘ። ያንን ማንም ሊያስተባብልለት አይችልም።

ግን እስቲ ከምን እንደተነሳ እንየው። በ2019 ዩናይትድ ለሌስተር 80 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። በዓለም ላይ ለተከላካይ የተከፈለ ትልቁ ዋጋ ነበር። ዋጋውን የተደራደሩት ክለቦቹ፣ ስድቡን የተቀበለው እሱ። ሌላው ደግሞ የአጨዋወቱ ነገር ነው። ቡድኑ ወደፊት ተጠግቶ ሲጫወት ከተከላካዩ ጀርባ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ፈጣን አጥቂ እዚያ ሲላክበት ማጓየር ይጋለጣል። ቡድኑ ወደ ኋላ ሰብሰብ ሲል ግን ሌላ ሰው ነው። እንግሊዝ በ2018ቱ ዓለም ዋንጫ ስዊድንን ስታሸንፍ አንዱን ጎል በቴስታ ያገባው እሱ ነው። በ2021 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ የውድድሩ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገብቷል። በፍጻሜው ከጣሊያን ጋር በመለያ ምት የመታት ሪጎሬ መረቡ ውስጥ የነበረውን ካሜራ ነው ያገኘችው። የሚፈራ ሰው እንዲያ አይመታም።

አሁን ለጓደኞችህ የምትነግራቸውን ልስጥህ። በ2022 አንድ የጋና ፓርላማ አባል የአገሩን ምክትል ፕሬዚዳንት ሊተች ፈልጎ ምን አለ መሰለህ? ኢኮኖሚ አያያዙን ከማጓየር ጋር አመሳሰለው! የሰውየው ስም አይዛክ አዶንጎ ነው። በቀጣዩ ሐምሌ ማጓየር አምበልነቱን ተቀማ። አብቅቶለታል ተባለ። ኅዳር ላይ ዩናይትድ ሦስት የሊግ ጨዋታ አድርጎ አንድም ጎል አልገባበትም፤ የፕሪምየር ሊጉ የወሩ ምርጥ ተጫዋችም ማጓየር ሆነ። አዶንጎ እዚያው ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀው። ማጓየርም ይቅርታህን ተቀብያለሁ፣ ኦልድ ትራፎርድ (የዩናይትድ ስታዲየም) እንገናኝ ብሎ መለሰለት።

በ2025 ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር ያደረጋችሁትን ጨዋታ አንተም አትረሳው። በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 እየተመራችሁ ነበር። አሰልጣኙ ማጓየርን አጥቂ አድርጎ ላከው። 4 ለ 4 ከሆናችሁ በኋላ በ121ኛው ደቂቃ በቴስታ አገባ፤ 5 ለ 4። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ውስጥ በ84ኛው ደቂቃ ደገመው። ማንቼ ከ2016 ወዲህ እዚያ አሸንፎ አያውቅም ነበር።

ይሄ ሁሉ ግን ጎል ነው፤ አንተ የጠየቅከኝ ስለ መከላከል ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ለ10 ደቂቃ ያህል ኳሷን ተዋትና እሱን ብቻ እይ። ከክንፍ ኳስ ሲሻማ ማን ቀድሞ ነካው? ቁጠር። አጥቂው ሊሮጥ አስቦ ስንት ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ? ኳስ ሌላ ጥግ ላይ እያለች ማጓየር በእጁ ማንን ወዴት ይጠቁማል? ጥሩ ተከላካይ ብዙ ጊዜ ተንሸራቶ ኳስ አይነጥቅም፤ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቃታል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ኳሷን ስለሚከተል ይሄን አያሳይህም። እኔ ስታዲየም የምወደው ለዚህ ነው።

እኛም ቤት አለ እኮ። ተከላካያችን ገብርኤል በ2022 ከፉልሃም ጋር ስንጫወት ኳስ ለአጥቂያቸው ለሚትሮቪች አስነጥቆ ጎል ሲቆጠርብን ያልሰደበው አልነበረም። እኔም ሰድቤዋለሁ። በ86ኛው ደቂቃ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው እሱ ሆነና አፌን በማኪያቶ ዘጋሁ።

ለጓደኞችህ የጋናውን ሰውዬ ንገራቸው። አርሴን ስትገጥሙ ግን በማጓየር እንዳትወራረድ።