መብራት ሲመለስ የሚቆረጠው ግንኙነት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ እሠራለሁ። 12 የሙቀት መለኪያዎች በኔትወርክ የሚልኩትን የሚቀበል ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌ ራዝቤሪ ፓይ 4 በተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭኛለሁ። ፕሮግራሙ ለ30 ሰከንድ ዝም ያለውን መለኪያ ይቆርጣል። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ግን ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቆርጣቸዋል። ሰዓቱን የምወስደው የማሽኑን የቀን ሰዓት በሚሰጠው ጥሪ፣ በ«ጌትታይምኦፍዴይ» ነው።

መልስ፦ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ በዓይኔ ልየው ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎን ደግሜ ሳነበው ግን መንገድ የሚያስወጣ አልሆነም። መለኪያዎቹም ኔትወርኩም ጤነኞች ናቸው። የታመመው ሰዓቱ ነው።

ራዝቤሪ ፓይ 4 ኃይል ሲቋረጥ ጊዜ መቁጠሩን የሚቀጥል ባትሪ የለውም። መብራት ሲመጣ በመጨረሻ ያስቀመጠውን ሰዓት ይዞ ይነሣል። መብራቱ ለሁለት ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ፕሮግራምዎ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ በቀረ ሰዓት ሥራ ይጀምራል፤ መለኪያዎቹም ይገናኛሉ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ማሽኑ ትክክለኛውን ሰዓት ያገኝና በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ወደ ፊት ይዘላል። ፕሮግራሙ «አሁን» ላይ «መጨረሻ የሰማሁበት»ን ሲቀንስ 7200 ሰከንድ ያገኛል። ከ30 ስለሚበልጥ ሁሉንም ይቆርጣል፤ እንዳዘዙት ነው የሠራው።

«ስንት ሰዓት ነው?» እና «ስንት ጊዜ አለፈ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለሁለተኛው «ክሎክ_ጌትታይም»ን በ«ክሎክ_ሞኖቶኒክ» ይጥሩ። እርሱ ማሽኑ የሚያሳየውን የቀን ሰዓት ማንም ቢያስተካክለው አይዘልም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ቆጠራው እንደ አዲስ ስለሚጀምር ግን ፋይል ላይ አያስቀምጡት። ነገሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ለመመዝገብ የቀን ሰዓቱን የሚሰጠው «ክሎክ_ሪያልታይም» ይበቃል። (ለሠራተኞቹ በእኛ ሰዓት ማሳየት ቢፈልጉ ከግሪንዊች ሰዓት 3 ይቀንሱ፤ የግሪንዊች 9 ሰዓት የእኛ ቀትር 6 ሰዓት ነው። ይህን በማሳያው ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ወደ ስሌቱ ውስጥ ያስገባ ሰው ኋላ ሲያለቅስ አይቻለሁ።)

ሰዓቱን የት እንደሚወስዱም ልንገርዎ። «ኢፖል_ዌይት» (ፕሮግራሙ አዲስ ክስተት እስኪመጣ ተኝቶ የሚጠብቅበት ጥሪ) በተመለሰ ቁጥር አንድ ጊዜ ወስደው በተለዋዋጭ ያስቀምጡ፤ የዚያ ዙር ክስተቶች ሁሉ በእርሱ ይሥሩ። ምክንያቱ ወጪ አይደለም፣ ሊኑክስ ላይ ጥሪው ርካሽ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ዓይነት «አሁን» እንዳይኖር ነው። እንዲህ ያለውን ዙር የሚያስኬዱት ሊብዩቪና ሊብኢቪ የተባሉት ላይብረሪዎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ እኔን አንድ ሙሉ ቀን አባክኖኛል። አንዱ ኮልባክ (ክስተት ሲመጣ የሚጠራው የፕሮግራሙ ክፍል) ዲስክ ላይ ሲጽፍ 4 ሰከንድ ቢቆይና ከዚያ የ5 ሰከንድ ታይመር ቢያስነሣ፣ ታይመሩ የሚቆጥረው ከተቀመጠው አሮጌ ሰዓት ስለሆነ ከ1 ሰከንድ በኋላ ይጮኻል። ሊብዩቪ ላይ አስቀድመው የተቀመጠውን ሰዓት የሚያድሰውን «ዩቪ_አፕዴት_ታይም»ን ይጥሩ። ከሁሉ የሚሻለው ኮልባኩ እንዳይዘገይ ማድረግ ነው።

ለ«ኢፖል_ዌይት» የሚሰጡትን የመጠበቂያ ጊዜ ደግሞ ወደ ላይ ያጠጋጉ። 0.6 ሚሊሰከንድ ሲቀር ወደ ታች ካጠጋጉት 0 ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ጊዜው እስኪደርስ ሳይተኛ በከንቱ ይሽከረከራል።

ለመፈተን መብራት እስኪጠፋ አይጠብቁ። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን አገልግሎት ያቁሙና ፕሮግራሙ እየሠራ በ«ዴት» ትእዛዝ ሰዓቱን ሁለት ሰዓት ወደ ፊት ይግፉት። 12ቱም መለኪያዎች እንደተገናኙ ከቆዩ አገልግሎቱን መልሰው ያስነሡ።