የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዱር አራዊትና ባሕር በስምንት ቀን

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ለዓመታት ስናስበው የቆየነውን የቤተሰብ ጉዞ በመጪው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልናደርገው ወስነናል። ተጓዦቹ አምስት ነን፤ እኛ ሁለታችን፣ የ11 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው 68 የሆነ እናቴ። ልጆቹ ዝሆንና አንበሳ በቅርብ እንዲያዩ፣ ከዚያም ጥቂት ቀን ባሕር ዳርቻ እንድናርፍ እንፈልጋለን። ያነጋገርነው አስጎብኚ ድርጅት በስምንት ቀን ውስጥ የኬንያውን የአራዊት ጥብቅ ስፍራ ማሳይ ማራንና የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባርን አጣምሮ አቅርቦልናል፤ ባለቤቴ ግን ጥድፊያው ይበዛል ትላለች። ምን ይመክሩናል? ስለ ቪዛና ስለ ጤና ጉዳይስ ምን ማወቅ ይገባናል? ጉዞው ፍልሰታ ጾም ላይ ስለሚውል እናቴ በምግብ እንዳይቸገሩም እሰጋለሁ።
(አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ከናይሮቢ ማሳይ ማራ ለመድረስ በመኪና ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለመመለስም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ዛንዚባር መሻገር ማለት ሌላ በረራ፣ ሌላ የድንበር ፍተሻና ሌላ ቪዛ ማለት ነው። ኬንያ ከኢትዮጵያ ጋር ባላት የቆየ ስምምነት መሠረት ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ ታንዛኒያ ግን ትጠይቃለች፤ ዛንዚባር ደግሞ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚዎች በዚያው የሚሸጠውን የጉዞ መድን እንዲገዙ አስገድዳለች። ለሁለት ጎልማሶች ይህ ሁሉ ይቻል ይሆናል፤ የስድስት ዓመት ልጅና አንዲት እናት ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን ከስምንቱ ቀን ግማሹ በመንገድና በአየር ማረፊያ ወንበር ላይ ያልቃል።

ማራን ማቃለሌ አይደለም። ዊልደቢስት የሚባለው ሣር በል የዱር እንስሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ተነሥቶ ወደ ማራ ሣር የሚሻገረው በፈረንጆቹ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ በነሐሴ የሚሄድ ሰው ያንን ድንቅ ትዕይንት የማየት ዕድል አለው። ሆኖም ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ነዋሪ ያልሆነ አዋቂ ጎብኚ ለአንድ ቀን የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ 200 ዶላር፣ ማለትም የቀሪው ግማሽ ዓመት እጥፍ ነው። ለእርስዎ ለሦስቱ አዋቂዎች ብቻ በቀን 600 ዶላር ይሆናል፤ ማደሪያና መኪና ገና አልተነካም። ምኞታችሁ ይህን የእንስሳት ፍልሰት ማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባሕሩን ትታችሁ ስምንቱንም ቀን እዚያው እንድታሳልፉ እመክር ነበር። የጠየቁት ግን ሁለቱንም ስለሆነ፣ ለባሕሩ የሚቀርበውን ፓርክ መምረጥ ይበጃል፤ እሱም የኬንያው ጻቮ ነው።

በፈረንጆቹ 1948 የተከለለው ጻቮ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ በሁለት ብሔራዊ ፓርክ የተከፈለ ሲሆን፣ የሁለቱ ስፋት ተደምሮ ከ20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የምሥራቁ መግቢያ ያለው ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከሞምባሳ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቮይ ከተማ ነው። ነሐሴ በዚያ አካባቢ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ዝሆኖቹ መንጋ መንጋ ሆነው ወደ ውኃ ይመጣሉ፤ በፓርኩ ቀይ አፈር ስለሚንከባለሉም ቆዳቸው እንደ ሸክላ ቀልቶ ይታያል። ግልገሎቹ በእናቶቻቸው እግር መሐል ተሸጉጠው ሲጠጡ ልጆችዎ ከመኪናው ጣሪያ ብቅ ብለው ማየት ይችላሉ። የጻቮ ወንድ አንበሶች ብዙዎቹ ጋማቸው ስስ ነው ወይም ጨርሶ የላቸውም፤ ይህን ለልጆቹ አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው፣ አለበለዚያ ወንዱን ሴት ነው ብለው ያልፉታል። ከቁጥቋጦው ብዛት የተነሣ አንበሳ እንደ ማራ በቀላሉ የሚገኝ አይደለምና፣ ዕድሉ እንዲሰፋ ቢያንስ ሦስት ሌሊት በዚያ እደሩ። በጠዋት 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት መግባት ዋናው ነገር ነው፤ አራዊቱ ፀሐይ ሳይበረታ ይንቀሳቀሳሉ።

ወደ ቮይ የምትሄዱት በመኪና ሳይሆን በባቡር ቢሆን እናትዎ ያመሰግኑዎታል። በፈረንጆቹ 2017 ሥራ የጀመረው የናይሮቢ–ሞምባሳ ባቡር ሐዲዱ በጻቮ መካከል ያልፋል፤ ዝሆኖች ከሥሩ የሚሻገሩባቸው መተላለፊያዎችም ተሠርተውለታል። በየጣቢያው የሚቆመው የጠዋቱ ባቡር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ፈጣኑን ከያዛችሁ ቮይን አልፎ ሞምባሳ ያወርዳችኋል። ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ ትኬቱ ላይ ግን 08:00 ተብሎ ከተጻፈ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ሻንጣ በጥብቅ ስለሚፈተሽ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ጣቢያ ድረሱ። ጣቢያው ከናይሮቢ አየር ማረፊያ ብዙም ስለማይርቅ፣ ከአዲስ አበባ የበረራችሁ ዕለት በዚያው አካባቢ ማደር ከተማ ውስጥ ከመጨናነቅ ያድናችኋል። በጻቮ የሚያዘዋውራችሁ መኪና በመጨረሻው ቀን እስከ ባሕሩ እንዲያደርሳችሁ ከወዲሁ ተዋዋሉ፤ ስትመለሱ ደግሞ ከሞምባሳ በቀጥታ ወደ ቦሌ የሚያመጣችሁን በረራ ጠይቁ።

ለባሕሩ የምመርጥላችሁ ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለውን ዲያኒን ነው። አሸዋው ነጭና ደቃቅ ነው፤ ከባሕሩ ጠርዝ ራቅ ብሎ የሚገኘው የኮራል አለት ትልቁን ሞገድ ስለሚሰብረው በነሐሴ ነፋስም ቢሆን የውስጠኛው ውኃ ለሕፃናት ይስማማል። ማወቅ ያለባችሁ ነገር ቢኖር የውኃውን መሙላትና መጉደል ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በጎደለ ጊዜ ውኃው ርቆ ይሸሽና አለቱ ይገለጣል፤ በኩሬዎቹ ውስጥ ደግሞ እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር እንስሳ ስለሚገኝ ልጆቹ በባዶ እግር እንዳይገቡ የላስቲክ ጫማ አድርጉላቸው። የዕለቱን ሰዓት ሆቴሉ ይነግራችኋል፤ ዋናውን ለሙላቱ፣ ዛጎል ፍለጋውን ለጉድለቱ አድርጉት።

ስለ ጤና ሁለት ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ከዚህ ስትሄዱ መከተባችሁን የሚያረጋግጠውን ቢጫ ካርድ ትጠየቃላችሁ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ ቀድሞ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። እናትዎ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ስለሆነ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ሁለተኛው ወባ ነው። አዲስ አበባ ደጋ በመሆኗ ወባን እንረሳዋለን፤ ጻቮና የባሕሩ ዳርቻ ግን ወባማ ናቸው። መከላከያ መድኃኒቱ ከመሄዳችሁ በፊት ተጀምሮ ከተመለሳችሁም በኋላ ይቀጥላል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስለማይሰጥ የትንሹን መድኃኒት ከፋርማሲ በግምት አይግዙ፣ ሐኪም በክብደቱ ይዘዝለት። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከመካከላችሁ አንዱን ትኩሳት ቢይዘው የት እንደነበራችሁ ሳትናገሩ ከሐኪም ፊት አትነሡ።

ዶላሩን ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ባንኮች በሕጋዊ መንገድ ግዙ፤ የፓርኩን መግቢያ አስጎብኚው እንዲከፍልላችሁ አድርጉ፣ በሩ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉምና። የእናትዎን ቆሎና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ከረጢት እንጂ በፌስታል አትቋጥሩት፤ ኬንያ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ ፌስታልን በሕግ ከልክላለች፤ የሚጣል የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስም ፓርክ ውስጥ አይገባም።

ጾሙ አያስጨንቅዎት። የባሕሩ ዳርቻ ሰው ባቄላና አደንጓሬ በኮኮናት ወተት ይሠራል፤ ይህ ወተት ከፍሬው የሚጨመቅ ስለሆነ ለጾም ይሆናል። ጎመን፣ ሩዝና ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ኡጋሊ በየቦታው አለ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሎጅ ውስጥ ነው፤ አትክልቱን በቅቤ መጥበስ የተለመደ ስለሆነ «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻ አይበቃም። ማደሪያ ስትይዙ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይነካው ምግብ እንደሚፈለግ፣ እናትዎ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙም ጨምራችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ወጥ ቤቱ ምሳቸውን ከሰዓት በኋላ እንዲያቆይላቸው የሚያደርገው ያ ነው።