ለማን ይነገር? የሕክምና ሥነ ምግባር ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ለተማሪዎችም የሕክምና ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባታችን የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ሐኪማቸው ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ወንድሞቼ “ከሰሙ ይሞታሉ፤ ጨጓራ ነው በላቸው” ይላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የተሳሳተው ሐኪሙ ነው። ምስጢሩ የአባትዎ ስለሆነ ያለ ፈቃዳቸው ለእርስዎም ሊነገር አይገባም ነበር። ይህን የምለው ባህላችንን ረስቼ አይደለም። መርዶ እንኳ ዘመድ እስኪሰበሰብ ቆይቶ ንጋት ላይ በሚረዳበት አገር በሽታን በደረቁ መናገር ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን መርዶ ተደብቆ አይቀርም፤ የሚመረጠው ሰዓቱና ተናጋሪው ነው።

እኔ “ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?” ብዬ እጀምራለሁ። አንድ አዛውንት “ለልጄ ንገረው፤ እኔ ደክሞኛል” አሉኝ። ምርጫው የእርሳቸው ነውና ለልጃቸው ነገርኩት። ሌላው የቡና ገበሬ ግን ሁሉንም ልስማ አሉ። ሰምተው ሲያበቁ ጥቂት ዝም አሉና “ለቡና ለቀማው እደርሳለሁ?” ብለው ጠየቁኝ። ለልጆቻቸው ያላካፈሉት መሬት ነበራቸው። ጨጓራ ነው ተብለው ቢሆን ኖሮ ያ መሬት የልጆች ጠብ ሆኖ ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ እናቴ ከቀዶ ሕክምና በፊት ወረቀት ላይ አሻራዋን አኖረች። ምን እንደሚደረግላት ግን አላወቀችም። ይህ ስምምነት ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ወረቀቱ የስምምነት ማስረጃ እንጂ ስምምነቱ ራሱ አይደለም። ከአፋን ኦሮሞ ሌላ ቋንቋ የማይሰሙ እናት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ላይ አውራ ጣታቸውን ሲያትሙ አይቻለሁ። “ምን ሊያደርጉልዎ ነው?” ብዬ በቋንቋቸው ብጠይቃቸው “ሆዴን ሊያዩልኝ” አሉ። ማሕፀናቸው ሊወጣ ነበር! ታካሚው የተነገረውን በራሱ አባባል መልሶ ካልተናገረ ቀለሙ ባይነካው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለጥናት ደም ስጥ ተባልኩ። እምቢ ብል ሕክምናዬ ይቋረጣል?

መልስ፦ በፍጹም አይቋረጥም። በሰው ላይ ሙከራ ያደረጉ የናዚ ጀርመን ሐኪሞች በተዳኙበት ችሎት እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ድንጋጌ ሰው በፈቃዱ ብቻ እንዲጠና፣ ሲፈልግም ከጥናቱ እንዲወጣ ይደነግጋል። ድንጋጌ ብቻውን ግን አይጠብቅም። በአሜሪካ ቱስኪጊ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች ሕመማቸው በግልጽ ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን እያለም ሳይሰጣቸው ጥናቱ እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ዘልቋል። ስለዚህ ይጠይቁ፤ ካልጣመዎት እምቢ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ሐኪሜን ለማመስገን የጌራ ማር ብወስድለት ጉቦ ይሆናል?

መልስ፦ ሕክምናው ሳያልቅ ከሆነ ይተዉት፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ማር የለውም። ካለቀ በኋላ ከሆነ ለክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ ይስጡ። እኔ አንድ ጊዜ “ደንብ ነው” ብዬ አንዲትን እናት ከነማራቸው መልሻቸው በር ላይ አልቅሰዋል። ነርሶቹ ተከትለዋቸው ሄደው ማሩን ተቀበሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ በሻይ ሲጠጡት እኔን አንድም ቀን አልጋበዙኝም።