ወረቀት ቤቴን ወረሰው

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ብሺሼ አካባቢ ነው። በበር ስር የሚሾልከው በራሪ ወረቀት፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የልጆች ያለቀ ደብተር፣ የሰርግ ካርድ፤ ቤቱን ሞላው። ይባስ ብሎ አባቴ ካረፉ 3 ዓመት ሆኗቸዋል፣ በፖስታ ሳጥናቸው ግን ዛሬም መጽሔትና ማስታወቂያ ይመጣል። ጓሮ ሳቃጥል ጭሱ ከጎረቤት አጣላኝ። ምን ይሻለኛል?
(ወረቀት ያማረራት፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ የአባትሽን ነገር እንጨርስ። ፖስታ ቤቱ የመጣለትን ሳጥን ውስጥ ይከታል እንጂ ሌላ ምን ያድርግ? የሚያስቆመው ላኪው ነው። መጽሔቱ ላይ ስልክ አይጠፋም፣ ደውለሽ «አርፈዋል፣ ስማቸውን ሰርዙልኝ» በያቸው። ሳጥኑን ሌላ ሰው የማይጠቀምበት ከሆነ ደግሞ የቀጣዩን ዓመት ኪራይ ከመክፈልሽ በፊት ቁልፉን መልሰሽ ተገላገዪ።

በሩ ላይ «በራሪ ወረቀት አንቀበልም» ብለሽ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ለጥፊ። ሁሉም ይሰማል አልልሽም።

ደረሰኙን ግን ጠንቀቅ በዪ። ያ የባንክ ማሽን የሚተፋው ለስላሳ ወረቀት በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው የሚታተመው፤ በጥፍርሽ ፈተግ ብታደርጊው ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ ቢስፌኖል የሚባል ኬሚካል አለበት፣ ስለዚህ ከሰል አታቀጣጥዪበት፣ ቆሎም አትጠቅልዪበት። ጽሑፉም ውሎ አድሮ ይጠፋል፣ የሚያስፈልግሽን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ማሽኑ «ደረሰኝ ይፈልጋሉ?» ሲልሽ አይ ማለት ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።

ከደብተሩ ያልተጻፈበትን ገንጥለሽ በመርፌ ስፊው፣ የሒሳብ መለማመጃ ይሆናል። የኔ ልጅ ያፍርበታል፣ ግን ይጽፍበታል።

የቀረው ጓሮ ይግባ። ጅማ ተቀምጠሽ የቡና አተላ አይቸግርሽም መቼም! አተላው ናይትሮጅን አለው፣ ወረቀትና ካርቶን ደግሞ ካርቦን፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣቸዋል። ከካርቶኑ ላይ ፕላስተሩን ላጪ፣ ቆራርጠሽ ውሃ አርከፍክፊበት፣ ከአተላና ከአትክልት ልጣጭ ጋር እየደራረብሽ በየሳምንቱ ገልብጪው። አተላው ከበዛ ይሸታል፣ ወረቀቱ ከበዛ ደግሞ እንደተቆለለ ይከርማል። ከላይ ሸፈን አድርጊው፣ ዝናባችንን ታውቂዋለሽ። ደረሰኝ እዚህም አይግባ።

ፕላስቲክ የተለበጠው የሰርግ ካርድም አይበሰብስም፣ እሱን ለልጆቹ ስጫቸው፣ እየቆራረጡ ይጫወቱበት።