ለማኅበራችሁ ሥዕል ወይም ሐውልት ከማዘዛችሁ በፊት

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና ሰበካ ጉባኤዎች ውስጥ ለረጅም ዘመን ሳገለግል አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። አዳራሽ ሲገዛ ወይም ሲታደስ የጣሪያው፣ የወለሉና የድምፅ ማጉያው ዋጋ በዝርዝር ቀርቦ ይጸድቃል። የግድግዳው ሥዕል ሲነሣ ግን «ከልጆቻችን አንዱ በነፃ ይሥራልን» ይባላል፤ ፈቃደኛ ካልተገኘም በማሽን የታተመ ሥዕል ተገዝቶ ይሰቀላል። ወገኖቼ፣ ይህን ልማድ እንድንተው እለምናችኋለሁ። ማኅበራችሁ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ፣ ምግብ ቤታችሁ ወይም አዲስ አበባ የምታሠሩት ቤት ሥዕልና ቅርፅ የሚያስፈልገው ከሆነ ከመጀመሪያው በጀት ያዙለት፤ ገንዘቡም በወገን እጅ እንዲያልፍ አድርጉ።

ምክንያቴን ከአገር ቤት ልጀምር፤ ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የአዲስ አበባ ታላላቅ ሐውልቶች በማን እጅ ተሠሩ? አራዳ ላይ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የነደፈው ጀርመናዊ ነው። በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የቆመው የድንጋይ አንበሳ የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የዩጎዝላቪያ ቀራፂያን የአውጉስቲንቺችና የክርሺኒች ሥራ ነው። በ1984 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ደግሞ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የቆመ ነው። ሐውልቶቹን እወዳቸዋለሁ፤ የየካቲት 12ን ሐውልት ሳይ ዛሬም ልቤ ይነካል። ነገር ግን ሐውልት ሲታዘዝ የሚከፈለው ገንዘብ ለቀራፂው ብቻ የሚደርስ አይደለም። ቅርጹን የሚያወጣው፣ ነሐሱን የሚያቀልጠው፣ ድንጋዩን የሚጠርበው፣ መሠረቱን የሚያሰላው መሐንዲስ፣ ከእነሱ ሥር የሚማረው ወጣት፣ ሁሉም ከዚያ ይካፈላሉ። ሥራው ውጭ ሲታዘዝ አብሮ የሚሄደው ይህ ሁሉ ነው። የሚከፋኝም ከወጣው ገንዘብ ይልቅ ሳይተከል የቀረው ሙያ ነው፤ ሐውልቱን የሚያቀልጥ ወርክሾፕ አንድ ጊዜ ቢቋቋም ለሚቀጥለው ትውልድ በሩ ክፍት ይሆን ነበርና።

በአፍሪካ አዳራሽም ይኸው ታሪክ አለ። የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ በሦስት ክፍል የተነደፈ ድንቅ ሥራ ነው። ንድፉ የእኛው ሰው ነው፤ መስታወቱ ግን የተሠራው ፈረንሳይ አገር ነው። አዳራሹ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ታድሶ በ2024 ዳግም ሲከፈት የመስታወቱም እድሳት የፈረንሳይ ባለሙያ ጠይቋል። በ1961 የተከፈተ ሕንፃ ከስድሳ ዓመታት በኋላም ጥገናውን ከባሕር ማዶ ይጠብቃል። ሥዕል ስታዝዙ ታዲያ አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፤ ነገ ሲሰነጠቅ ወይም ሲደበዝዝ የሚጠግነው ማን ነው?

ሌላው ምሳሌ እዚሁ ዋሽንግተን ነው። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ያለውን «ኔክሰስ» የተባለ የአሉሚኒየም ቅርፅ ካላያችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ልጆቻችሁንም ውሰዱ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን ከሠዓሊዋ ከከበደች ተክለአብ ጋር በ2001 የሠራው ነው። የተለያዩ ሃይማኖቶቻችን ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቻችን፣ የቤትና የእርሻ ዕቃዎቻችን በአንድ ግድግዳ ላይ ተገናኝተውበታል። እስክንድር ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፈ፤ ሥራው ግን በሕዝብ ሕንፃ ላይ ስለቆመ ወደ ማንም ሳሎን ሳይገባ ለሁላችንም ቀረ። እንዲህ ያለ ሥራ በስደት አገርም ይቻላል፤ ሥራውን የሚያዝዝ ተቋም መገኘት አለበት እንጂ።

ለሠዓሊ የሚከፈል ገንዘብ በአንድ ኪስ የሚቀር የሚመስለው ሰው ካለ የጁሊ ምህረቱን ሥራ ይመልከት። አዲስ አበባ የተወለደችው ይህች ሠዓሊ በኒውዮርክ ለጎልድማን ሳክስ ባንክ ሕንፃ የሠራችው ሥዕል ርዝመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። የተከፈላት 5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ለሥራው ማምረቻ ወጥቷል፤ እስከ 30 የሚደርሱ ረዳቶቿ ደመወዝም በዚሁ ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ዘገባ የባህልና የፈጠራ ዘርፍ ከዓለም ጠቅላላ ምርት 3.1 በመቶ፣ ከዓለም የሥራ ዕድል ደግሞ 6.2 በመቶ ድርሻ እንዳለው አስፍሯል። ከምርቱ ድርሻ የሥራው ድርሻ መብለጡን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ እጅ የሚያበላ ዘርፍ ነው።

አገር ቤት ቤት የምታሠሩ ወገኖች፣ ለእናንተ የቀረበ ዕድል አለ። የበሩን ብረት፣ የደረጃውን መደገፊያ፣ የግቢውን ቅርፅ ከውጭ ከማስመጣት ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ቀራፂ ፈልጉ። ብረቱ ከምናለሽ ተራ ይገዛል፤ በያጁ፣ ቀለም ቀቢው፣ ጫኝና አውራጁ ሁሉ ከዚያው ሰፈር ይበላሉ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት፣ በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ከጭቃና ከጭድ ነው የተሠራው። የባህላዊ ግንበኞቻችን ዕውቀት ዋጋ ሊከፈልበት እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው።

ለአብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የአባቶቻችን ዘዴ ራሱ ይበቃል። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው ጋር መለጠፉ የቆየ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ያለ ሠዓሊ በቦታው ሳይገኝ ሊሠራላችሁ ይችላል። ልኩን በጥንቃቄ ላኩለት፤ የመስኮቱን፣ የቅስቱንና የመብራቱን ቦታ በፎቶግራፍ አሳዩት። ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ የተሣለው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊ ቱቦ ላይ ይጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሥዕሉ ጥንታዊ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አስይዙ፤ አየር ማረፊያ ላይ ከመከራከር ያድናችኋል። ወጪው ለአንድ ቤተሰብ ይከብዳል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና ምእመናኑ ይካፈሉት።

አሁን አጥብቄ ወደምይዘው ነገር ልምጣ፤ ውል ጻፉ። ሠዓሊው የአክስታችሁ ልጅም ቢሆን ጻፉ። የንድፉ ክፍያ ለብቻው ይሁን፤ ንድፉን ሳትቀበሉት ብትቀሩም የደከመበት ይከፈለው። ቀብዱ ቀለምና ሸራ ለመግዛት የሚበቃ ይሁን። መሰላሉን ወይም መወጣጫውን ማን ይከራያል? የመድን ዋስትናውን ማን ይገባል? በስንት ዓመት ይጸዳል? የሠዓሊው ስም የሚጻፈው የት ላይ ነው? ሁሉም ይስፈር። ሥዕሉን ገዛን ማለት የማባዛት መብቱን ገዛን ማለት አይደለም። ማኅበራት የሠዓሊውን ሥራ ሳይጠይቁ በቀን መቁጠሪያና በቲሸርት ላይ አትመው ሲሸጡ አይቻለሁ፤ ለበጎ ዓላማም ቢሆን ይህ የሰው እንጀራ መንካት ነው። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሠዓሊው በስሙ እንዲታወቅ መብት ይሰጠዋል፤ የጥቅም መብቱንም በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል።

በአሜሪካ ምግብ ቤትና ሕንፃ ያላችሁ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ያለውን የሠዓሊያን መብት ሕግ እወቁ። በኒውዮርክ ኩዊንስ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባለው ሕንፃ ባለቤት ግድግዳው ላይ የነበሩትን ሥዕሎች በ2013 በአንድ ሌሊት በነጭ ቀለም አስቀባቸው። በ2018 ፍርድ ቤት ለ21 ሠዓሊያን 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት፤ ይግባኙም በ2020 ውድቅ ሆነ። ግድግዳው የእናንተ ስለሆነ ብቻ ሥዕሉን እንዳሻችሁ ልታጠፉት አትችሉም። ሕንፃው ቢሸጥ ወይም ቢፈርስ ምን እንደሚሆን ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ተስማሙ።

በመጨረሻ ስለምትኖሩባቸው ከተሞች። ሲያትል ከ1973 ጀምሮ ከሕዝብ ግንባታዎች በጀት 1 በመቶውን ለሥነ ጥበብ ታውላለች፤ ሌሎች ብዙ ከተሞችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ይህ የእናንተም ግብር ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ወይም ባቡር ጣቢያ በሰፈራችሁ ሲሠራ በስብሰባው ላይ ተገኙ፤ ተወዳዳሪ ሠዓሊያንን በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ የሰፈር ነዋሪ ሲፈለግም ስማችሁን አስመዝግቡ። የእኛ ወጣት ሠዓሊያን እነዚህን ውድድሮች የሚፈሩት ማመልከቻው ከዚህ በፊት የተጠናቀቀ ሥራ ፎቶግራፍና አሠሪው የሰጠውን ምስክርነት ስለሚጠይቅ ነው። ማኅበራችሁ በውል አዝዞ፣ በወቅቱ ከፍሎ ያሠራው አንድ ግድግዳ እነዚህን ያሟላላቸዋል። ሥራው እንዳለቀ በጥሩ ካሜራ አስነሡላቸው፤ በማኅበሩ ማኅተም የድጋፍ ደብዳቤም ጻፉላቸው።