ሐረና ደን ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀይ ቀበሮና በሰነቴ አምባ ነው። ከአምባው በስተደቡብ ቁልቁል የተዘረጋው ሐረና ደን ግን በመኪና ታልፎ ይቀራል። እሱን ለማየት የምትፈልጉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል?

ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ። የባሌ ዝናብ እንደ መሃል አገሩ ሐምሌና ነሐሴን ብቻ አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እየመጣ እየሄደ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ያኔ ከዋናው መንገድ ወደ ጫካው የሚገነጠሉት መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ፤ መኪና ይይዛሉ። በበጋው ደግሞ ብርዱን ተዘጋጁበት። ሰነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ክፍያው የት ነው? ነዳጅስ?

ዲንሾ፣ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት። አስጎብኚም እዚያው ያዙ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ጠይቁ። ደረሰኝ ሳትይዙ ጎባ ከደረሳችሁ ወደ ኋላ መመለስ ሊመጣ ነው። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ሙሉ አድርጉ፤ ደኑ ውስጥ ማደያ የለም።

ጥያቄ፦ የባሌ ጦጣን ሁለት ቀን ፈልገን አጣነው። ምን አጠፋን?

ቡናው ባለበት በታችኛው ደን ፈልጋችሁ ይሆናል። ይህ ጦጣ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባለው የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ኑሮው ከቀርከሃ ጋር ነው። አብዛኛው ምግቡ የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ስለሆነ ቀርከሃ በሌለበት መፈለግ ድካም ነው። ሪራ በምትባለው መንደር አካባቢ ካለው ቀርከሃ ጀምሩ።

ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ መኪናውን አቁሙ፤ ሞተር አጥፉ፤ 200 ሜትር ያህል በእግር ሂዱና 15 ደቂቃ ሳትነጋገሩ ቁሙ። ነፋስ ሳይኖር አንድ የቀርከሃ ጫፍ ብቻውን ጎንበስ ቀና ካለ እዚያ አለ ማለት ነው። መሬቱንም እዩ፤ ጫፉ የተነከሰ፣ ገና ያልጠወለገ ቅጠል ከረገፈ መንጋው ሩቅ አይደለም።

ከተራው ጦጣ የምትለዩት በግንባሩ ነው። ተራው ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር አለው፣ የጉንጩም ነጭ ፀጉር ረጅም ነው። የባሌው ያ መስመር የለውም፤ ጀርባው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ፀጉሩ ወፍራም፣ ጢሙ አጭር ነጭ ነው። ጉሬዛን ግን መፈለግ አያስፈልግም፤ ረጅሞቹ ዛፎች ላይ ራሱ ይታያችኋል።

ጥያቄ፦ አንበሳ እናያለን?

አለ፤ ግን ደኑ ጥቅጥቅ ስለሆነ ድምፁን የመስማት ዕድላችሁ ይበልጣል። ሌሊት ካለ አስጎብኚ ከድንኳን አትራቁ፤ ምግብ መኪና ውስጥ ይደር።

ጥያቄ፦ ሰነቴ ላይ እናቴን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዛት። እንሰርዘው?

አትሰርዙ፣ አካሄዱን ቀይሩ። ጎባ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሰውነት ሳይለምድ በአንድ ጊዜ ሲወጡ ይህ ይመጣል። መጀመሪያ ሁለት ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ፤ ውኃ ትጠጣ፤ አምባው ላይ ብዙ ሳትቆሙ ወደ ሐረና ውረዱ። መውረዱ ራሱ ያሽላታል። መንገዳገድ ወይም ንግግር መምታታት ከመጣ ግን ሳትዘገዩ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ውረዱና ሐኪም ቤት አድርሷት።

ጥያቄ፦ ልጄ እንቁራሪት መፈለግ ትወዳለች። ግንድ ብትገለብጥ ችግር አለው?

አዎ፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ሐረና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለች፣ ለመጥፋት የተቃረበች አጭር ራስ ያላት እንቁራሪት አለች። የምትሸሸገው በእርጥብ ግንድና በሥር ሥር ነው፤ ግንዱ ሲነሣ እርጥበቱ ይጠፋል። ጫማችሁንም ከመግባታችሁ በፊት ጭቃውን አጥባችሁ አድርቁ፤ እንቁራሪት የሚገድል ፈንገስ በጭቃ ይጓጓዛል።

ጥያቄ፦ ውሻችንን ይዘን መምጣት እንችላለን?

አይሆንም። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው፤ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ከአንዴም ሁለቴ ብዙዎቹን ፈጅቷል። የተከተበም ቢሆን ቤት ይቆይ። ሰነቴን ስትሻገሩም በዝግታ ንዱ፤ ቀበሮው መንገዱን ድንገት ያቋርጣል።