ከጦሳ በፊት ወንበር፦ ለደሴ ዳገት አዲስ ለሆነችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላነበቡት በአጭሩ ልድገመው። 43 ዓመትሽ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከተዛወርሽ 2 ወር ሆኖሻል፤ ፒያሳ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ትውያለሽ፤ ደም ግፊትሽ ሲለካ 136 በ86 ተገኘ። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥርሻል፣ ቁልቁለቱ ጉልበትሽን ያምሻል፤ ስፖርት ሦስቴ ጀምረሽ ሦስቴም አቁመሻል። «ጂም ልመዝገብ ወይስ ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጦሳ ተራራ ልውጣ?» ነው ያልሽው።

አብሽሪ። ለመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ሁለቱም ይቆዩሽ።

ስለ ትንፋሹ ልጀምር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በመሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለሻል ማለት ነው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግን 2 ወር ለሰውነት በቂ ጊዜ ነው፣ አብዛኛውን ለምዶታል። ስለዚህ አሁን የሚያለከልክሽ አየሩ ሳይሆን ዳገቱና ቁጭ ብሎ መዋሉ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን አጣሪ፤ በአንቺ ዕድሜ የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ደም ማነስ ይዟት «ደሴ አልተስማማኝም» ልትል ትችላለች። የሄሞግሎቢን ምርመራ ቀላል ነው፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አስለኪው። ተኝተሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እግርሽ ካበጠ፣ ወይም ስትራመጂ ደረትሽን የሚጫን ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ስፖርቱን ትተሽ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። በደሴ ጀማሪን የሚያስቆመው ዳገቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ስትወጪ ልብሽና ሳንባሽ ይደክማሉ፤ ቆም ስትዪ ግን ያልፋል። ስትወርጂ የፊት ጭንሽ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትሽን ይይዛል፤ ጡንቻን በጣም የሚጎዳው ይህ ዓይነት ሥራ ነው። የጉልበት ሎሚውም ከጭን አጥንት ጋር በየእርምጃው ይጫናል። በዕለቱ ምንም ላይሰማሽ ይችላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጦሳ የወጣች ጀማሪ ሰኞ ጠዋት የቢሮውን ደረጃ ግድግዳ ይዛ የምትወርደው ለዚህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ታርፋለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምክንያት ታገኛለች፣ በዚያው ይቀራል። ያንቺም ሦስት ጊዜ ማቋረጥ ከስንፍና ይልቅ ወደዚህ የሚያደላ ይመስለኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለጊዜው ወደ ላይ በእግር፣ ወደ ታች በባጃጅ። በእግር መውረድ ግድ ሲሆን እርምጃሽን አሳጥሪ፤ ጉልበትሽን ሳትቆልፊ ትንሽ አጠፍ አድርገሽ ያዢው፤ ተረከዝሽን እየጣልሽ አትውረጂ። መንገዱ ሰፋ ካለ ቀጥ ብለሽ ከመውረድ ወዲያ ወዲህ እያልሽ አግድም ውረጂ።

መደበኛው የእግር ጉዞ ዋናውን አስፋልት ይዘሽ፣ ወይም ሆጤ ስታዲየም አካባቢ ለጥ ያለ ቦታ መርጠሽ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እዚያ በአንድ ጊዜ አይደረስም። በሳምንት 5 ቀን፦ 1ኛ ሳምንት 10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15፣ 20፣ 25፣ በ5ኛው ሳምንት 30። 30 በ5 ቀን 150 ነው፣ ደረስሽ ማለት ነው። 10 ደቂቃ ትንሽ መስሎሽ በመጀመሪያው ቀን 40 እንዳትሄጂ። ልብ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ ጅማት ግን ዝግ ይላል፣ ወራት ይፈልጋል፤ ትንፋሽሽ «እችላለሁ» ሲልሽ ጅማትሽ ገና ነው።

ፍጥነቱን ለማወቅ ሰዓትም መተግበሪያም አያስፈልግሽም። ከጎንሽ ካለች ሰው ጋር ማውራት እየቻልሽ መንዙማም ሆነ መዝሙር ማዜም ካቃተሽ ልኩ እሱ ነው። ማዜም ከቻልሽ ፍጠኚ፤ ቃል በቃል እየቆረጥሽ የምታወሪ ከሆነ አዝግሚ፣ ግን አትቁሚ። የደሴ ጠዋት ብርድ ስለሆነ የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ ቀስ ብለሽ ጀምሪ። ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ብቻሽን አትውጪ፣ ጎረቤት ያዢ።

ጫማ ከሰልባጅ ብትገዢ ነውር የለውም፤ ከመግዛትሽ በፊት ግን ገልብጠሽ እዪው። ተረከዙ በአንድ ወገን ከተበላ ተይው፣ የሌላ ሰው አረማመድ ጉልበትሽ ላይ ይመጣል። አጥፊው፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ጋ ነው፣ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ጫማ እግር አይደግፍም። ሶሉን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ሲታይ አዲስ ቢመስልም አርጅቷል። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅርለት፣ አለዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍርሽ ይጠቁራል።

አሁን ወንበሩ። ጉልበትሽን የሚያድነው ይህ ስለሆነ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ አደራ። በሳምንት 2 ቀን፣ በመሐል ቢያንስ 1 ቀን እረፍት ይኑር፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ቁመቱ ጉልበትሽ ድረስ የሚደርስ ወንበር ግድግዳ አስደግፊ። ጫፉ ላይ ተቀመጪ፣ እግርሽን በትከሻሽ ስፋት ክፈቺ፣ በእጅሽ ሳትደገፊ ተነሺ። ስትቀመጪ ግን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልሽ በዝግታ፤ ዘጭ ካልሽ ጥቅሙ ግማሽ በግማሽ ሄደ። ጉልበቶችሽ እርስ በርስ እንዳይጠጉ፣ ወደ እግር ጣቶችሽ አቅጣጫ ይሂዱ። 8 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ ደግሞ 8። በየሳምንቱ 2 ጨምረሽ 15 ገደማ ስትደርሺ ባለ 3 ሊትር፣ ቆይቶም ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሞልተሽ ደረትሽ ላይ ያዢ። 5 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ነው፣ ለጀማሪ ከጂም ብረት አያንስም። ቁጥሩን ድምፅ አውጥተሽ ቁጠሪ፤ የምትቆጥር ሰው ትንፋሿን አትይዝም፣ ትንፋሽ ይዞ ክብደት ማንሳት ደግሞ ደም ግፊትን ለጊዜው ሽቅብ ይሰደዋል።

ሁለተኛው ለቁልቁለት መለማመጃ ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቁሚ፤ ሌላኛውን እግር ወደ ፊት ዘርግተሽ ተረከዙ መሬት እስኪነካ በ3 ቁጥር ቀስ ብለሽ ውረጂና ተመለሺ። በየእግሩ 6፣ አንድ እጅሽ ግድግዳ ይንካ። ከእነዚህ ሌላ ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ 10፣ ጣት ላይ ቆሞ ተረከዝ ማንሳት 12፣ ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ማንሳት 10። በቃ። ሆድ ለማጥፋት ብለሽ ሲትአፕ ላይ አትድከሚ፤ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ ከላይ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም።

የሕመሙ ልክ፦ ከ10 ነጥብ 3 ወይም ከዚያ በታች የምትሰጪው፣ በማግሥቱ ጠዋት የሚጠፋ ከሆነ ቀጥዪ። ከዚያ ካለፈ በሚቀጥለው ጊዜ በግማሽ ቀንሺ። ጉልበትሽ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ሳታስቢው ከከዳሽ መታየት አለበት።

ደም ግፊቱን በትክክል መለካቱንም አረጋግጪ። ዳገት ወጥተሽ እንደደረስሽ ወይም ቡና በጠጣሽ በ10 ደቂቃ የተለካ ቁጥር አይታመንም። ከመለካትሽ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት የለም፤ ሽንትሽን ሸንተሽ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለሽ ጀርባሽን ተደግፈሽ ተቀመጪ፤ እግር አይነባበር፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ተለኪና አማካዩን ጻፊ። በዚህ መልክ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ስፖርት ጀመርኩ ብለሽ እንዳታቋርጪ።

ግፊት ከተነሳ ጨው አለ። የሚመከረው ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ። እኛ ጋ ግን ጨው የሚገባው ድስቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በርበሬው ሲደለዝ ገብቷል፣ ሽሮው ሲዘጋጅም ገብቷል፣ ስትሠሪው ደግመሽ ትጨምሪያለሽ። ማንኪያ ከመቁጠር የሚቀለው ይህ ነው፦ የ1 ኪሎ ጨው ላስቲክ ስትከፍቺ ቀኑን ላዩ ላይ ጻፊበት። 5 ሰው ባለበት ቤት በቀን 25 ግራም ቢሄድ 40 ቀን መቆየት አለበት። በ20 ቀን ካለቀ ልኩን እጥፍ እየበላችሁ ነው። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፣ ቀስ በቀስ ቀንሺ።

ስኳሩንም እንዲሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየስኒው 2 ማንኪያ ከሆነ 6 ማንኪያ፣ 24 ግራም ገደማ ነው። ቢቻል በቀን ከ25 ግራም አይለፍ ይባላል፤ ስለዚህ አንድ ቡና ብቻውን ቀኑን ጨረሰው። ቡናውን ተይ አልልሽም፣ የወሎ ሰው ያለ ቡና ጎረቤት የለውም፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ቀንሺ።

ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ? የማይቀርብሽ ሰዓት ይሻላል። «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» ከማለት «ከሱብሂ ሶላት በኋላ» ወይም «ከኪዳን መልስ ቤት ሳልገባ» ብሎ ከነበረ ልማድ ጋር ማሰር ይጸናል። በ21 ቀን ልማድ ይሆናል የሚባለውን አትመኚው፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራ ጥናት አማካዩን 66 ቀን ነው ያገኘው፣ ልዩነቱም ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም ታይቷል። ዋናው ሁለት ቀን አከታትለሽ አለመዝለል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ሲበረታ የወንበሩን 5 ደቂቃ ብቻ ሥሪ፣ እሱም ይቆጠራል። በጾም ወራት፣ የረመዳንም ይሁን የዐቢይ ጾም፣ ጉዞውን ወደ ማፍጠሪያው ወይም መግደፊያው ሰዓት አስጠግተሽ ለስለስ አድርጊው፤ የወንበሩን ሥራ ከበላሽ ከ2 ሰዓት በኋላ አድርጊው። የጾም ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ጡንቻን ይመግባሉ፣ ከእንጀራው ይልቅ ወጡ ይብዛ።

8 ሳምንት ሲሞላሽ የሆጤውን 30 ደቂቃ ሳታለከልኪ ከሄድሽና ደረጃ መውረዱ ካላመመሽ ጦሳን ከግማሹ ሞክሪ፣ ቁልቁለቱን በዝግታ። እስከዚያው አንድ ነገር ጻፊልን፦ ሕመሙ የሚሰማሽ ከፊት ሎሚው ዙሪያ ነው ወይስ በውስጠኛው ጎን? ቁጭ ብለሽ ስትነሺስ ያምሻል? ከፊት ከሆነ የደረጃው ልምምድ ይበቃሻል፤ በውስጥ ጎን ሆኖ ጠዋት ጠዋት የሚገትርሽ ከሆነ ግን የደረጃውን ትተሽ በወንበሩ ብቻ ጀምሪ።